ለመጨረሻው ጭራቅ የተቀመጠ መድኃኒት

ጥቅምት 6
ሥራ። አርባ ሸሚዝ ተኮስኩ፣ የአንዱን ኮሌታ አቃጠልኩ። ቤት ስገባ ፊዚዮቴራፒስቷ ከአባዬ ጋር ነበረች። “ጣቶቹን ያሠራ፣ አለዚያ ይደርቃሉ” አለችኝ። እንዲጨምቃት የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ ወርውሮባታል። ዕድሜውን ሙሉ ሰዓት ሲጠግን ለኖረ ሰው ኳስ ይሰጣል?

ወንድሜ ሲሄድ ትቶት የሄደውን የጃፓን ጌም ከቁም ሳጥን አወጣሁ። ጆይስቲኩን እጁ ላይ አኖርኩለት። “ቆይ” አለ። ከስትሮኩ ወዲህ የቀረችለት ቃል እሷ ብቻ ናት። እሺም ትሆናለች፣ እምቢም።

ጥቅምት 9
ወንድሜ ደወለ። ጌሙን እንዳወጣሁት ነገርኩት። “ጌሙ እንዴት ነው? ጠንካራና ደካማ ጎኑን ጽፈሽ ላኪልኝ።” ስለ አባዬ ሳይጠይቅ! አልልክለትም። ለራሴ ልጻፈው።

ጠንካራ ጎን፦ ይጠብቃል። ውጊያው በየተራ ነው። ጭራቁ መጥቶ ይገተራል፣ ቁልፍ እስኪጫን ንቅንቅ የለም። አባዬ አውራ ጣቱን ለማንቀሳቀስ አምስት ደቂቃ ፈጀ... ጠበቀው። ከታመመ ወዲህ ማን እንዲህ ጠብቆት ያውቃል? እኔ እንደሆንኩ ማንኪያውን እቀማዋለሁ።

ደካማ ጎን፦ ጽሑፉ የጉንዳን ሰልፍ ነው። እንግሊዝኛውን እየተረጎምኩ አነብለታለሁ። ያልገባኝን ከራሴ እሞላለሁ።

ጥቅምት 17
ሌላ ደካማ ጎን። መንደሩ ውስጥ ያለችው አሮጊት መቶ ጊዜ ብትጠየቅ ያንኑ ነው የምትመልሰው። አባዬ ወደ እሷ ጠቆመ፣ ከዚያ ወደ ራሱ። “ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ።” ሳቀ! በግማሽ ፊቱ ነው፣ ግን ሳቀ። ኩሽና ገብቼ አለቀስኩ።

ጥቅምት 25
ተቆጣሁት። ሰማያዊዋን ጠርሙስ፣ ሁሉንም በአንዴ የምታድነዋን መድኃኒት፣ ለአንድ ተራ ጭራቅ ሊያጠፋት!

“አባዬ፣ ተው! መድኃኒት እንዲህ አይባክንም። ለመጨረሻው ጭራቅ ነው የሚቀመጠው።”

ትክ ብሎ አየኝ። በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። የወለቀች ብሎን እንኳ ሳይጥል ቆርቆሮ ውስጥ የሚያጠራቅም ሰው፣ ቁጠባ ይነገረዋል እንዴ? ተሸነፍን፣ ጠርሙሷ ተረፈች። “ጎበዝ” አልኩት።

ኅዳር 3
ነርሷ የደም ግፊቱን ለካች። ፊቷ ተቀየረ። “አባባ፣ ክኒንዎን በየቀኑ ይወስዳሉ?”
“ቆይ” አለ። ሳቅን።
“ጠዋት ጠዋት እጁ ላይ አስቀምጬለት ነው የምወጣው” አልኳት። ሲውጥ አይቼ አላውቅም። አውቶቡሱ አይጠብቅማ።

ኅዳር 8
አውራ ጣቱ ተፍታታ! የሸሚዙን አንድ ቁልፍ ራሱ ቆለፈ። ጌሙም እያለቀ ነው። የመጨረሻው ግንብ በር ላይ ደርሰናል፣ በሚቀጥለው እሁድ እንገባለን። ዘጠኝ ሰማያዊ ጠርሙስ አጠራቅመናል፣ አንዱም አልተነካ።

ኅዳር 11
ከሥራ ስመለስ ወለሉ ላይ አገኘሁት። ሆስፒታል ነን። ሁለተኛ ስትሮክ። ሐኪሙ “ክኒኑን አቋርጦ ነበር?” አለኝ። “ኧረ በፍጹም!”

ኅዳር 13
አባዬ አረፈ።

ኅዳር 21
ዕቃውን ለየሁ። የብሎን ቆርቆሮውን ስከፍት... ከብሎኖቹ ሥር፣ በሰዓት መወልወያ ጨርቅ የተጠቀለለ። ክኒን። አሥራ ስድስት።

ደግሜ ቆጠርኩ። ከጥቅምት 26 ጠዋት እስከ ወደቀበት ቀን ጠዋት፣ በየቀኑ አንድ። አንድም አልጎደለ።

ለመጨረሻው ጭራቅ። እኔው ነኝ ያልኩት። ያለውን የወረወረ ፈሪ አይባልም ይባል የለ? እኔ ግን የተገላቢጦሹን አስተማርኩት፣ ጎበዝም አልኩት።

ለማን ይነገራል ይሄ?

ኅዳር 29
እሁድ። ግንቡ ውስጥ ብቻዬን ገባሁ። ያን ያህል የተፈራው የመጨረሻ ጭራቅ ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ዘጠኙም ጠርሙስ እንደታሸገ ቀረ። አላስፈለገም።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ።
“ጌሙን ጨረስሽው? ደካማ ጎኑስ?”
ስለ ቆርቆሮው ነገርኩት። ክኒኖቹን፣ ቀኑን፣ አባዬን ምን እንዳልኩት፣ ሲውጥ ሳላይ እንደምወጣ። ምንም አላስቀረሁም።

ዝም አለ። ትንፋሹ ብቻ ይሰማኛል። ስልኩን ልዝጋው አልኩ፣ ሌላ ነገር ላውራ አልኩ።

አልዘጋሁም። ጠበቅሁት።