ቀስ ብሎ የሚደርቅ ቀለም

ይድረስ ለውድ ወንድሜ። ከነልጆችህ እንዴት ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ የቀለም ሱቄን ባለቤቴ "አንቺ እረፊ" ብሎ ይዞልኛል። ሲወጣም ሌባ ፈርቶ በሩን ከውጭ ይቆልፍልኛል።

በሩን ፀሐይና ዝናብ ስለጎዳው ቀቢ ጠራን።

"እትዬ፣ ቫርኒሽ ይሻላል፤ ቶሎ ይደርቃል" አለኝ።

"የዘይት ቀለም ይሁን" አልኩት።

"እሱማ ቀርፋፋ ነው፤ ሳይደርቅ ከተዘጋ መቃኑ ላይ ይጣበቃል። ሁለት ሦስት ቀን ክፍት መቆየት አለበት።"

ባለቤቴ ፊቱን አኮሳተረ። "ሦስት ቀን ሙሉ?"

"ታዲያ ቫርኒሹ በፀሐይ እየተሰነጠቀ በየዓመቱ ልታስቀባ ነው?" ስለው "እሺ፣ የዘይቱ ይሁን" አለ። ወጪ ሲነሳ ልቡን አውቀዋለሁ።

ደብዳቤውን ቀቢው ያደርስልኛል። ሥራው ሰኞ ይጀመራል። ማክሰኞ፣ ባለቤቴ ሱቅ ሳለ፣ መኪና ይዘህ ብቅ በል፤ ናፍቀኸኛል። እስከዚያው ሰላም ቆየኝ።

እህትህ