ከመልሱ በፊት የቀረበው ምሳ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ አዚዛ፣
ድሬዳዋ፣ ገንደ ቆሬ፤

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። እንዴት ነሽልኝ እትዬ? ጉልበትሽ እንዴት ነው? ስትሰግጂ የሚወጋሽ ነገር ተሻለሽ ወይስ ዛሬም እየደበቅሽ ነው? አባ ኢርፋንስ እንዴት ናቸው፣ ሳሉ ለቀቃቸው? ልጆቹስ? የግቢው ሎሚ ዘንድሮ አፈራ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ካንቺ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም ብዬ እንዳልጽፍ ውሃውም ይጎድላል፣ ጣሪያውም ይጎድላል። ጤናችን ግን ሙሉ ነው።

በሾፌሩ በዒዲል እጅ የላክሽው ደብዳቤና በርበሬ ደርሶኛል። በርበሬው መንገዱ ላይ በተወጠረው ገመድ ሁሉ ያሉት ልጆች ሲዘግኑለት መጥቶ እፍኝ ብቻ ነው የደረሰኝ፤ ሽታው ግን ሙሉውን መጥቷል። ፌስታሉን ፈትቼ አፍንጫዬን ስከተው ባሌ የሱፍ ሳቀብኝ። ይሳቅ፤ እሱ ድንጋይ ሲጠርብ የሚውል ሰው ምን ያውቃል።

ስድስት ዓመት ሞላሽ፣ ምነው ብቅ ብትይ ብለሽ ጽፈሻል። ባነበብኩት ቁጥር አንጀቴን ይበላኛል። እኔ ሳልፈልግ ቀርቼ አይደለም እትዬ። ከዚህ ከሀርጌሳ እስከ ድንበሩ ድረስ ስድስት ቦታ ገመድ በመንገዱ ላይ ተወጥሯል፤ በእያንዳንዱ ገመድ ጠመንጃ የያዙ የየጎሳው ወጣቶች ተቀምጠዋል። ባለፈው ረመዳን ማግስት እኔና የሱፍ ጓዛችንን ሸክፈን ተነስተን ከሁለተኛው ገመድ ተመለስን። ዒዲል እንደ ልቡ የሚያልፈው ከየገመዱ አንድ አንድ የአክስት ልጅ ስላለው ነው። እኔ ምን አለኝ?

የገመዱ ነገር ደግሞ ከአንድ ባዶ ወንበር ጋር የተያያዘ ነው፤ ዛሬ የምጽፍልሽም ስለዚያ ወንበር ነው። ከየጎሳው ጋር ተነጋግሮ ገመዱን የሚያስፈታው የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ነው ይላሉ። ሚኒስትር ግን ከየት ይምጣ? አምስት ወር ሙሉ የሚቀመጥበት ሰው ጠፋ። መንግሥቱ ራሱ እርስ በርሱ እየተነካከሰ፣ አንዱ ሲገባ ሌላው ሲኮርፍ፣ ማን ደፍሮ ይግባ። መጀመሪያ የተጠየቀው ሰውዬ አሞኛል ብሎ ጅቡቲ ሄደ፤ ምንህን ቢሉት ገና አልተመረመርኩም አለ። ሁለተኛው ቅዳሜ ምሎ ገባና በዘጠነኛው ቀን የገዛ ወገኖቹ፣ ለእነ እገሌ ሁለት ወንበር ለእኛ አንድ፣ ብለው እጁን ይዘው አወጡት። ሦስተኛው ከቤተሰቤ ልማከር ብሎ እስከ ዛሬ እየተማከረ ነው። ዋሄን ገበያ ያለው ተሸካሚ ሁሉ መሳለቂያ አደረገው። አንዱ፣ እኔ እቀበል ነበር፣ ጋሪዬን ማን ይገፋልኛል ብዬ ነው እንጂ፣ ሲል ሰምቼዋለሁ። ገንዘብ መንዛሪዋ ኡባህ ደግሞ፣ ባሌን ይውሰዱት፣ ያው እቤትም ተኝቶ ነው የሚውለው፣ አለች። እኔም አብሬ ስስቅ ነበር። ዕጣው በኔ እጅ ይወጣል ብዬ መች አሰብኩ።

ጋሽ ጉሌድን መቼም አትረሺውም። አባታችን ቤት ስድስተኛ ክፍል ሲማር መጥቶ የሰርቪሷን ክፍል ተከራይቶ አድጎ፣ ባቡር ጣቢያ ጸሐፊ እስኪሆን ድረስ ከኛ ያልተለየው ጉሌድ። ሀብሀብ ሲቆርጥ፣ ቆራጭ መጨረሻ ያነሳል ብሎ ሁልጊዜ ለራሱ ቀጭኗን የሚያስቀር። ከሶማሊያ ጋር ከተደረገው ከዚያ ክፉ የጦርነት ዓመት በኋላ ወደዚህ ተሰደደ፤ እኛም እዚህ ስንመጣ ፈልጎ አገኘን። አሁን ኮድቡር ሰፈር ባለው ግቢው ሁለት ክፍል ሰጥቶን አብረን ነው የምንኖረው። የቤቱ ግማሽ ከአውሮፕላኑ ድብደባ ወዲህ ጣሪያ የለውም፣ ላስቲክ ወጥረንበታል። እኔ ለሁላችንም አበስላለሁ፤ የሱፍ ግድግዳውን ቀስ እያለ ያነሳል። ጋሽ ጉሌድ ከተማውን የሚያቋርጠውን ደረቅ ወንዝ አሳይቶኝ፣ ይኸው ደቻቱሽ፣ ይለኛል። አሸዋው እውነትም ከድሬው ወንዝ ጋር ይመሳሰላል። ከአስር ሰላት በኋላ ተቀምጠን የባቡሩን ሰዓት እንቆጥራለን፤ አሁን ከጅቡቲ የመጣው ገባ፣ አሁን የጣቢያው ክፍሌ ደወል መታ፣ አሁን አባታችን ከሱቅ ተመለሱ እያልን። አማርኛው እኮ የዚያን ጊዜው ነው፤ ‹‹እባክሽ እመቤቴ›› ብሎ ነው ውሃ የሚጠይቀኝ።

ይህ ሰው ለወንበሩ የተፈለገበት ምክንያት ሁለት ነው። እናቱ ከአንደኛው ወገን ናት፤ ሚስቱ ላዳን ከሌላኛው፣ ስለዚህ ማንም የኛ አይደለም ሊለው አይችልም። ሁለተኛው የድንጋዩ ነገር ነው። ከስደት የተመለሰው ሰው ቤቱን የሚሠራው ከፈረሰው ድንጋይ እየለቀመ ነው። ሁለት ጎረቤታሞች አንድ ክምር የኔ ነው የኔ ነው ብለው ሊጋደሉ ሲደርሱ ጋሽ ጉሌድ መሐላቸው ተቀምጦ ሦስት ቀን ሙሉ ድንጋዩን አንድ በአንድ አገላበጠው። የአንዱ ቤት ድሮ ሰማያዊ፣ የሌላው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ስለነበር በቀለሙ እየለየ አካፈላቸው። ቀለም የሌለውን ለመስጊዱ አለ። ወሬው ከተማውን ዞረ።

የጎሳ ሽማግሌዎች ወንበሩን ተቀበል ሊሉት ሁለት ጊዜ መጥተው ሁለቴም እምቢ አላቸው። ሁለቱም ወገን ዘመዴ ነው፤ እንግዲያው ሁለቱም ይቀየመኛል፣ ነበር ያለው። ለኔም ማታ፣ የቀረችኝ እርጅና ናት፣ እሷን ደግሞ በሰላም ላርጃት፣ ብሎኛል። እውነቱን ነው። በሦስተኛው ሐሙስ ግን ሰባት ሆነው በጠዋት መጡና ላስቲኩ ሥር ተቀመጡ። ላዳን ልጇን ልታርስ በርበራ ሄዳ ነበር። እሱ የሚለውን ደግሞ ብሎ ክፍሉ ገባ፤ እነሱም ንቅንቅ አላሉም። ውሃ ስሰጣቸው በእጃቸው መለሱ። ቀትር ሆነ፣ እዚያው ሰገዱ፣ ተመልሰው ተቀመጡ። ትልቁ ሽማግሌ ሀርቢ ሰማንያ ያለፉ ይመስሉኛል፤ ዱላቸውን ተደግፈው አንገታቸው ሲያዘነብል ከማድ ቤት ሆኜ አየሁ። አባታችንን መሰሉኝ እትዬ። አላስቻለኝም። የፍየል ሥጋ ያለበትን ሩዝ በትልቁ ትሪ አድርጌ ወስጄ መሐላቸው አስቀመጥኩት።

አንቺ እዚህ ላይ ስትደርሺ እጅሽን አፍሽ ላይ እንደምትጭኚ አውቃለሁ። አንቺን ሊጠይቁ የመጡ ቀን ሽማግሌዎቹ ቃል ሳያገኙ እህል አንቀምስም ብለው ሲቀመጡ፣ እኔና አንቺ ከጓዳ በቀዳዳ ስናይ፣ አባታችን ጉሮሯቸውን ጠራርገው ‹‹ምግቡ ይምጣ›› ሲሉ ጣቴን ነክሰሽ እንዳደማሽኝ አልረሳሁም። ምግቡ መምጣቱ መልሱ ነበር። ግን ያ የኛ አገር ወግ ነው፣ ለጋብቻ ነው ብዬ እንጂ፣ እነዚህም ለሚኒስትርነት እንደዚያው እንደመጡ አልገባኝም። ስለ መንገዱ አስቤ ነው ያደረግሁት ወይ ብትይኝ፣ አላሰብኩም። ጨርሶ በልቤ አልነበረም ብዬ ለመማል ግን እፈራለሁ።

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ሀርቢ ቢስሚላህ ብለው አንድ ጉርሻ ጎረሱ፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ጋሽ ጉሌድ በሩ ላይ ብቅ ሲል ሁሉም እጃቸው ትሪው ውስጥ ነው። ፊቱ ነጣ። ያኔ ነው የሠራሁት የገባኝ። የሱፍም ጭቃውን እንደያዘ ግድግዳው ላይ ቀረ። ሀርቢ አፋቸውን ጠርገው በሶማሊኛ በዝግታ ጠየቁት፤ ቤትህ አብልቶናል፣ እኛም ተቀብለናል፤ ይህች ሴት ግን የቤቱ ሰው ናት ወይስ ለሥራ የተቀጠረች ናት አሉት። ሽማግሌው የመውጫ በር ከፈቱለት፣ ገባሽ? ሠራተኛ ናት ቢል፣ ምግቡ ምግብ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ እሱም እንዳለ ነፃ ነው። ውሸትም አይሆንበትም፣ የማበስለው እኔ ነኛ። ሠራተኛ ናት በል፣ በል እያልኩ በልቤ ለመንኩት። እሱ እኔን አየኝ፣ ወደ መሬት አየ።

‹‹እህቴ ናት›› አለ።

በቃ። ፋቲሓ ተቀራ፤ ሹመቱም ጸና።

ከሄዱ በኋላ አለቀስኩ። ሠራተኛ ናት ብትል ምን ነበረበት፣ እኔ አልቀየምህም ነበር አልኩት። እሱም፣ በጦርነቱ ዓመት ባለጠመንጃዎቹ ሶማሌ ፍለጋ ቤታችሁ መጥተው ይህ ልጅ ማነው ብለው አባትሽን ሲጠይቋቸው ምን አሉ አለኝ። ልጄ ነው፣ ነበር ያሉት። ማንም አይቶ ልጃቸው እንዳልሆነ ያውቃል፤ ተከራይ ነው ቢሉም ውሸት አልነበረም። ተከራይ ነው ቢሉ ግን ዛሬ ጉሌድ የለም። ‹‹እሳቸው በነፍሳቸው ያሉትን እኔ በወንበር ልንፈገው?›› አለኝ።

ላዳን ስትመለስ ድስቱን አደራ ብልሽ ባሌን ሰጠሽብኝ ብላ ሁለት ቀን አላናገረችኝም፤ በሦስተኛው ራሷ ሳቀች። እሱ ከገባ አርባ ቀኑ ነው። ቢሮው በር የለውም፣ ወንበሩም አንድ እግሩ በጡብ ነው የቆመው፤ የሱፍ ሄዶ አስተካከለለት። የመጀመሪያው ገመድ ጋ ሄዶ ከልጆቹ ጋር አራት ቀን ተቀመጠ፣ ከነሱ በላ፣ ከነሱ ጋር አደረ። ባለፈው ሰኞ ያ ገመድ ወረደ። አምስት ቀርቷል። ብዙ ጠላት አፍርቷል ይላሉ፤ አንዳንዴ አምሽቶ ሲመጣ በር በሩን ሳይ እቆያለሁ። ከአስር ሰላት በኋላ ብቻዬን ነው የምቀመጠው። ባቡሩ ለኔ ብቻ ይገባል፣ ክፍሌም ለኔ ብቻ ይደውላል።

ትናንት ግን መጥቶ ሀብሀብ ቆረጠ። ቀጭኗን ለራሱ አስቀረ። ለአዚዛ ጻፊላት፣ አባታችሁ መቃብር ስትሄድ በኔ ስም ዱዓ ታድርግልኝ አለ። አደራ።

ለአባ ኢርፋን፣ ለኢርፋን ከነሚስቱ፣ ለሙሰዓብ ሰላምታዬ ይድረስ። ዊዳድን ጉንጯን ሳሚልኝ፤ አክስትሽ መልክሽን በፎቶ ብቻ አውቃ መቅረት አልፈለገችም በያት። ለጎረቤታችን ለወይዘሮ ሸዋርካብሽ፣ የሰጡኝ የሎሚ ፍሬ እዚህ በቅሎ ቁመቴን ሊያክል ነው በያቸው። ክፍሌ በሕይወት ካለ ጉሌድ ሚኒስትር ሆነ ብለሽ ንገሪው፤ አያምንሽም፣ ግን ንገሪው። የሱፍና ላዳን ሁላችሁንም ሰላም ብለዋል።

አምስቱ ገመድ የወረደ ዕለት ሳላስነግር በርሽ ላይ ታገኚኛለሽ። ያን ጊዜ እንዴት መጣሽ፣ ስንት ቀን ትቆያለሽ ብለሽ እንዳትጠይቂኝ። መጀመሪያ ምግቡን አውጪው።

እህትሽ ሪሀና
ሀርጌሳ፣ ኮድቡር
ኅዳር 12 ቀን 1990 ዓ.ም.