ቀለሙ ያልደረቀው ጀልባ

ሁርጋዳ፣ ደሃር ሰፈር፣ ግብፅ
ሐሙስ፣ ኖቬምበር 9

ሸሃታ፣ የዓይኔ ብርሃን፤

ሰላምታዬ ባህሩን አቋርጦ ሐምቡርግ ድረስ ይግባልህ። አንተስ፣ ሚስትህ ሃይከስ፣ ያቺ በስልክ ብቻ የማያት የልጅ ልጄስ እንዴት ናችሁ? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። አየሩ ቀዝቀዝ ብሎ ሹራብ ደርበናል፤ ፈረንጆቹ ግን አሁንም ባህር ውስጥ ናቸው። አንተ ዋና የተማርክባት ዳርቻ ላይ ሆቴል ተሠርቷል። ዘበኛው “ሐጃ፣ ወዴት ነው?” ቢለኝ፣ “ልጄን እያጠብኩ ያሳደግኩት እዚህ ነው፤ አንተ ያኔ የት ነበርክ?” አልኩት። ስቆ አሳለፈኝ።

በስልክ እንዳልነግርህ፣ አባትህ የማይሰማ መስሎ አጠገቤ ቁጭ ይላል። ለዚህ ነው የምጽፈው።

ከሃይከ ጋር የሄድክ ጊዜ “ለልጄ ብዬ የጀመርኩትን ጀልባ ማን ባህር ያወርደዋል?” ብሎ በጅምር ተወው፣ ያንተንም ስም መጥራት አቆመ። ዘንድሮ በጋው ሲያልቅ ግን ጸባዩ ተለወጠብኝ። ከአስር ሶላት በኋላ ጺሙን ተላጭቶ ይወጣል። “የት ነው?” ስለው፣ “ባህር” ብቻ። ታውቀኛለህ፣ ነገር ካላጣራሁ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ጎረቤታችን ኡም ሐምዲ ደግሞ መጣችና፣ “ናእማ፣ ባልሽ ቀለም ቀቢውን መስዑድን ጀልባው ላይ የሴት ስም በፈረንጅ ፊደል ጻፍልኝ ብሎታል አሉ” አለችኝ።

“የማን ሴት ስም?”

“እኔ ምን አውቄ። ዘንድሮ ሩሲያውያኑ በዝተዋል።”

እዚህ ሰፈር ወንድ ጀልባው ላይ የሚስቱን ወይም የሥጋ ዘመዱን ስም እንጂ የሌላ ሴት እንደማይጽፍ ታውቃለህ። ደሜ ፈላ። በዚህ ዕድሜው ሊያገባብኝ ነው ብዬ ነጠላ ጫማዬን እንደተጫማሁ ጀልባ መሥሪያው ሄድኩ። ጀልባው አልቋል፤ አፍንጫው ላይ ሸራ ጥለውበታል።

“ግለጠው” አልኩት መስዑድን።

“ሐጃ፣ ባልሽ ዐም ዲያብ ይገድለኛል።”

“እሱ እስኪመጣ እኔ እገድልሃለሁ።”

ገለጠው። የፈረንጅ ፊደል አላነብ፣ “ማን ናት?” አልኩት።

“ማያ ይላል።”

አሸዋው ላይ ቁጭ አልኩ። የልጅህን ስም አባትህ አንድ ቀን እንኳ ሲጠራው ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ፣ ምን ልደብቅህ። ስነሳ ደግሞ አንድ ነገር አየሁ። ከስሙ በታች፣ ከወገቤ ዝቅ ብሎ፣ መዳፍ የምታክል ቦታ ሳትቀባ ቀርታለች። በዚህ መሃል አባትህ ደረሰ።

“ይቺን ረስተሃታል” አልኩት።

“አልረሳኋትም።”

ጀልባ ሲወርድ በጉ ይታረድና የቤቱ ልጅ ደሙን በመዳፉ ነክቶ ያትምበት የለ? አንተም የአያትህን ጀልባ አትመሃል። ትልቅ ሰው ግን እንደዚያ ዝቅ ብሎ አያትምም።

“ለእሱ እንዳትጽፊ” አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ፣ “የሦስት ዓመት ልጅ እጇ እስከየት ይደርሳል?”

“የፈረንጅ ልጅ ወይስ የእኛ?” አልኩት።

“የተደባለቀች” አለ።

ይኸው እንግዲህ፣ አትጻፊ የተባልኩትን ጻፍኩ። ግድግዳ ሥር አቁማችሁ እጇ የሚደርስበትን ለኩልኝ። እሱ በግምት ነው የተወው፣ ከፍ ቢልባት እንደገና ይቀባዋል። ሃይከንም ሳምልኝ፤ አሳ በሩዝ እሠራላታለሁ፣ እሾሁን እኔ አወጣላታለሁ። አላህ በየብስም በሰማይም መንገዳችሁን ያቅናው።

የሠፈሩ ሰው “ዐም ዲያብ፣ ጀልባው መቼ ነው የሚወርደው?” እያለ ያስቸግረዋል። “ቀለሙ አልደረቀም” ይላቸዋል። እኔ በእጄ ነክቼዋለሁ፣ ልጄ፤ ከደረቀ ቆይቷል።

እናትህ ናእማ