ሽምግልና ለሞተ ካውቦይ

ቅዳሜ
ገደልኩት። ዮናስን አይደለም፣ ካውቦዩን። ለዮናስ ግን ያው ነው መሰለኝ፤ ዳይሱን ጠረጴዛው ላይ ትቶ ወጣ።

ጥፋቴ ምንድን ነው? የቃል ጨዋታ ነው፣ ተራኪዋ እኔ ነኝ። እሱና ጓደኛችን ቤዛ ካውቦዮቻቸው የሚያደርጉትን ይናገራሉ፣ ቁጥር የሚያወጣውን ዳይስ ይጥላሉ፣ እኔ የሆነውን እተርካለሁ። እዚህ ናይሮቢ ሰባት ወር እንዲህ ተጫወትን። ባለፈው ሳምንት የዮናስ ካውቦይ ጭኑን ተመታ። በዚያ ዘመን፣ በዚያ በረሃ፣ ምን ሐኪም አለ? ቁስሉ አመረቀዘ። ዛሬ ዳይሱ ክፉ ወጣ፣ ሞተ። ጥይት ቀልድ አያውቅም።

«ፊልም ላይ እኮ ጥርሱን ነክሶ ጥይቱን ያወጣና ፈረሱ ላይ ይወጣል» አለ።
«ይሄ ፊልም አይደለም» አልኩት።
«ሳምንቱን ሙሉ ከካሳራኒ ዌስትላንድስ በማታቱ ታክሲ እየተጋፋሁ የምኖረው እውነታ አይበቃኝም? ቅዳሜ እንኳን ልጋልብ እንጂ!»
«ፈረስም ይደክማል» አልኩት። ይህችን ባልጨምር ኖሮ።

እሑድ
ደወልኩ፣ አያነሳም። ቸርች ውስጥ ሦስት ወንበር ከፊቴ ተቀምጦ አንገቱን እንኳ አላዞረም። ስብከቱ ስለምን እንደነበር አላውቅም።

ናይሮቢ ስመጣ የማውቀው ሰው አልነበረኝም። የመኖሪያ ወረቀቴን ለማውጣት ከሰልፍ ሰልፍ ይዞኝ የዞረው እሱ ነው። ለዚህ ሰው ነው ስለ ቁስል መመርቀዝ ያስተማርኩት።

ማክሰኞ
ሥራ አልሠራ አለኝ። ዮናስ ካልመጣ ቤዛ ትቀራለች። ቤዛ ከቀረች ጨዋታ የለም። ጨዋታ ከሌለ ቅዳሜ ምን ልሠራ ነው? ልብስ ማጠብ።

ቤዛ ደወለች። እዚሁ ነው ያደገችው። «ሲሪየስሊ፣ አንቺ ሰላም? ጌም እኮ ነው! ጀስት ፖሌ፣ ይቅርታ፣ በይውና ይለፍ።»
«የጨዋታውን ሕግ ታዲያ ለምን ጻፍነው?» አልኳት። ዘጋችብኝ።

ሐሙስ
ጉድ ነው። ቤዛ ሽማግሌ ላከችብኝ!

ጋሽ ታደሰ ናቸው፤ የምንጫወተው ሁርሊንግሃም ሰፈር ያለው ምግብ ቤታቸው የኋላ ክፍል ውስጥ ነው። ሁለት ጓደኞቻቸውን አስከትለው ቤቴ መጡ። ተቀመጡ ብላቸው አይቀመጡም፣ ሻይ ባቀርብ «እሺ ሳትይን አንቀምስም»። ሦስት ኮት የለበሱ አዛውንት፣ ስለ አንድ የሌለ ካውቦይ! ሳቄን ዋጥኩ። እሳቸው ግን ፍንክች የለም።

«ሟቹ ቤተሰብ አለው?»
«የለውም፣ ጋሼ።»
«ገዳዩስ?»
«ዳይሱ ነው።»
«ከዳይስ ጋር አናስታርቅም። የምትታረቂው አንቺ ነሽ።»

ፍርዱ፦ ሰውየው ይድናል፣ ዕድሜ ልኩን ግን ያነክሳል። «ለእሱ ነፍሱን፣ ለአንቺ እግሩን» አሉ። እሺ አልኩ። የቀዘቀዘውን ሻይ ጠጡልኝ። ዮናስ ጋ ነገ ይሄዳሉ። እምቢ ቢልስ?

ቅዳሜ
ስምንት ሰዓት፣ የለም። ስምንት ተኩል፣ የለም። ቤዛ ስልኳን ትነካካለች። ዘጠኝ ሊሆን ሲል ገባ፣ ሰላም ሳይለኝ ተቀመጠ።

ጨዋታው ተጀመረ፤ ካውቦዩ ላይ ሽፍቶች አመጣሁበት። ሆን ብዬ፣ ለግልቢያ የሚመች ሰፊ ሜዳ ላይ።
«አልጋልብም» አለ። «እግሬ ገና ነው። ቤዛ ትቅደም፣ እኔ አጥሩን ተደግፌ እተኩሳለሁ።»

እንደ እውነቱ ተጫወት እያልኩ ሰባት ወር ስለምነው የኖርኩትን! እንባዬ መጣ፣ ወረቀት አገላበጥኩ።

ዳይሱን ጣለ። ክፉ ወጣ። በሕጉ ስቷል።

«ጥይቱ ሜዳው ዳር ያለውን የቤተ ክርስቲያን ደወል መትቶ ነጠረና» አልኩ፣ «ሽፍታውን ከነባርኔጣው ገለበጠው።»

ቤዛ ጮኸች። ዮናስ ቀና ብሎ አየኝ። «እንዲህ ይሆናል እንዴ?»
«አይሆንም» አልኩት።

በአንድ ማታቱ ተመለስን። ይቅርታ አላልኩትም፣ እሱም አላለኝም። መስኮት ዳር ያለውን ወንበር ግን ለቀቀልኝ።