የጓያው እንፋሎት

መካነ ሰላም፣ እሑድ የካቲት 5 ቀን 2009 ዓ.ም.

እማዬ ዛሬም ጓያ ስትቀቅል አፍንጫዋን በሻሿ ሸፍና እኛን ከማድ ቤት አስወጣችን። እግር የሚሰብረው እንፋሎቱ ነው ብላ ታምናለች። ከዓመታት በፊት በድርቁ ጊዜም እንዲሁ እንፋሎቱን ሸሽተን የጓያውን ቂጣ በላን። አብዝቶ የበላው አራሹ ወንድሜ ሰዒድ ነበር። ይኸው እስከ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳል።

አዲስ አበባ ኮምፒውተር ላይ ተጥጄ የምውለው ለዚህ ነው። ፕሮግራሜ በተፈጥሮ የሌሉ ፕሮቲኖችን እየነደፈ የጓያውን መርዝ የሚያመክነውን ይፈልጋል። ለዕረፍት ከመምጣቴ በፊት አንድ ተስፋ የሚሰጥ አገኘሁ። ደስ ብሎኝ ኢኮኖሚክስ ለምታጠናው ጓደኛዬ ለሄለን ነገርኳት። እሷ በራሷ ፕሮግራም ውስጥ እንደ እውነተኛ ገበያ የሚገዙና የሚሸጡ የምናብ ቤተሰቦች አሏት፤ እያንዳንዱ ቤተሰብ ስክሪኑ ላይ አንድ የብርሃን ነጥብ ነው። እዚያው ፕሮግራሟ ውስጥ ጓያውን ከመርዙ አጽድታ ድርቅ ለቀቀችበት። እስከዚያ ጓያን ይንቅ የነበረው ነጋዴ ገዝቶ ጨረሰው፤ ዋጋው ናረ፤ መግዛት ያቃታቸው የድሆቹ ነጥቦች አንድ በአንድ ጠፉ።

"ግምት ነው እኮ፣ አትጨነቂ" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ዓይኔን ስጨፍን ነጥቦቹን አያለሁ። የሰዒድ ምርኩዝ የግቢውን ድንጋይ በመታ ቁጥር አንዱ የጠፋ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ ሰዒድ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። "ሥራሽ ለኔ እግር እንደማይደርስ አውቃለሁ" አለ። "ልጆቼ ግን ጓያውን ሳይፈሩ ይበሉታል አይደል?"

"ኢንሻአላህ" አልኩት።

በሁለት እጁ ፊቱን ዳብሶ "አሚን" አለ። ልጆቹ ሳይፈሩ እንዲበሉ ይሁን ነጥቦቹ እንዲጠፉ፣ ምን እንደለመንኩ ግን እኔ አላውቅም።