በማዕበል የተከፈተው መዝጊያ

ለልጄ ለሺገኪ፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? ናጎያ ብርዱ ጀመረ ወይ? ያ ወገብህስ ተሻለው? ሚስትህ ቺሆ፣ ትንሿ ናኦ እንዴት ናቸው? እኔ ከመኝታዬ ተነሥቻለሁ፤ በምርኩዝም ቢሆን እስከ ደጃፉ እወጣለሁ። ባሕሩ መቆጣት ስለ ጀመረ መርከቧ አንድ ቀን ትመጣለች፣ አንድ ቀን ትቀራለች።

ስለ መውደቄ ጎረቤታችን እትዬ ሳዋኖ በስልክ ነግራሃለች። እሷ ግን ወሬ ስታወራ ግማሹን ትውጠዋለች፤ ሙሉውን ከእኔ ስማ።

በበጋው መጥተህ ቤቱን በዕቃ ስትሞላው ዝም ያልኩህ ደስ ይበልህ ብዬ ነው። መብራቱ በራሱ ይበራል፣ ሩዙ በራሱ ይበስላል፣ የመስኮቱ መዝጊያ ጎህ ሲቀድ በሞተር ይከፈታል። ያቺ መደርደሪያው ላይ ያስቀመጥካት ተናጋሪ ዕቃ ደግሞ እንደምን አደሩ ትለኛለች። «ሁሉም ነገር ስልኬ ላይ ይታየኛል» አልከኝ። እውነትም ሳይታይህ አልቀረም፣ እሁድ እሁድ መደወልህን ተውክ። አልተቀየምኩህም ብል ውሸት ነው።

ያን ዕለት ማታ ከመታጠቢያው ስወጣ እግሬ ከዳኝና ወደቅኩ። ዳሌዬ አላስነሣኝ አለ። ተናጋሪዋን ዕቃ «ሰው ጥሪልኝ» ብላት «ይቅርታ፣ አልተረዳሁዎትም» አለችኝ። ብለምናት፣ ብሰድባት ያው ነው። ሲነጋ መዝጊያው ተከፈተ፣ መብራቱ በራ፣ የሩዙ ሽታ መጣ። የሳዋኖን ኮቴ ሰማሁ። እዚህ ስላደግክ ታውቃለህ፣ ጠዋት መዝጊያው የተከፈተ ቤት ባለቤቱ ደህና አድሯል ማለት ነው፤ የሚንኳኳው ያልተከፈተው ነው። መዝጊያውን አየችና አልፋ ሄደች። እኔ ለመጮህ ድምፅ አልነበረኝም። ልጄ፣ አባትህ የሞተ ጊዜ እንኳ እንደዚያ ቀን ብቻዬን ሆኜ አላውቅም።

በማግሥቱ ማዕበል መጣ። ጎረቤቱ ሁሉ መዝጊያውን ጥርቅም አድርጎ ሲዘጋ የእኔ እንደ ልማዱ ብርግድ አለ። ዝናቡ ምንጣፉን አበሰበሰው። ሳዋኖ በጓሮ በር ገብታ ወለሉ ላይ ስታገኘኝ መጀመሪያ አለቀሰች፣ ቀጥላ ተቆጣች።

«በዚህ ማዕበል መዝጊያ የሚከፍት እብድ ነው። ቶኪዬ ደግሞ ክፉ ናት እንጂ እብድ አይደለችም ብዬ መጣሁ» አለችኝ። በዚያ ሁሉ ሕመም መሐል ሳቄ መጣ።

አሁን ደግሞ ሰው ሲወድቅ የሚያውቅ ሌላ ዕቃ እልካለሁ ማለትህን ሳዋኖ ነገረችኝ። ላከው፣ እቀበላለሁ፤ ዳግመኛ ወለል ላይ ማደር አልፈልግም። የመዝጊያውን ሞተር ግን አስነቅዬዋለሁ። እያቃሰትኩም ቢሆን በእጄ ነው የምከፍተው። ሳዋኖ አይታ ትለፍ። አንተ ግን ከዚያ ሆነህ አታየኝም፤ ስለዚህ ደውልልኝ። የምነግርህ ወሬ ላይኖረኝ ይችላል፤ ስልኩን ይዘን ዝም ብንልም ግድ የለኝም። በዚያ ሁለት ቀን ስልክህ ሁሉም ደህና ነው ይልህ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ አልፈርድብህም። ግን እዚያ ወለል ላይ ተኝቼ ስጠብቅ የነበረው አንተን ነው።

ቺሆን ስለላከችልኝ የሱፍ ካልሲ አመስግንልኝ፤ እግሬን አሙቆልኛል። እናቷንም ሳሉ እንዲሻላቸው እመኛለሁ በልልኝ። ናኦን ጉንጯን ሳምልኝ። ይህን ሰላምታ የላክሁት እኔ ነኝ፤ ቤቱ አይደለም።

እናትህ ቶኪዬ
ኦኪ ደሴት፣ ኖቬምበር 6 ቀን 2024