ሠዓሊ ብለን ገብተን ሰኣሊ ሆነን ስለ መውጣታችን

ለተከበሩ የባህልና የኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ከልብ የመነጨ ምስጋና ማቅረብን ይመለከታል

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ የቢሮዎ መጋረጃ ፀሐይ የማያሳልፍ፣ ሻይዎም ሳይቀዘቅዝ የሚጠጣ ይሆን ዘንድ እየተመኘሁ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ የሰፈራችን የሠዓልያን ኅብረት ጸሐፊ ስሆን በሙያዬ የሥዕል ፍሬም ሠሪ ነኝ። ይህን ደብዳቤ በግልጽ መጻፌ ድፍረት እንዳይመስልብኝ፤ በታሸገ ፖስታ የላክኋቸው አምስት ደብዳቤዎች እስካሁን ከደረጃው ወደ ቢሮዎ በመውጣት ላይ መሆናቸውን ጸሐፊዎ በትሕትና ስለ ነገሩኝ ነው። ይኼኛውን አላፊ አግዳሚው ሁሉ ስለሚያነበው ምናልባት አንዱ ጎረቤትዎ ያነሣብዎት ይሆናል።

ኅብረታችን አሥራ አንድ አባላት አሉት። ልብስ ሰፊ፣ ጎሚስታ፣ የሒሳብ መምህርት፣ ሁለት ጡረታ የወጡ ነርሶችና የመሳሰሉት ሆነን፣ ከሥራ ስንወጣ በልብስ ሰፊው ሱቅ ጓዳ እየተሰበሰብን እንሥላለን። ዘንድሮ የመጀመሪያውን ዐውደ ርእያችንን ለማዘጋጀት ታጥቀን የተነሣነው በአንድ ሰው ምክንያት ነው። እሳቸውም ጋሽ ብሩሽ የምንላቸው አዛውንቱ የታፔላ ጸሐፊ ናቸው። የፀጉር አስተካካዩን መቀስ፣ የጫማ ሰፊውን ቦቲ፣ ሌላው ቀርቶ ክቡርነትዎ በየማለዳው በሥሩ የሚያልፉበትን የጽሕፈት ቤትዎን ታፔላ የጻፉት እሳቸው ናቸው። ማንም ያላወቀው ነገር፣ ለአርባ ዓመት ከታፔላ በተረፈ ላሜራ ላይ ለራሳቸው ሲሥሉ መኖራቸው ነው። የሚኖሩባት ክፍል ከአልጋ እስከ ግድግዳ ሦስት እርምጃ ብቻ ስለሆነች፣ ሥለው ሲጨርሱ አልጋ ሥር ይከቱታል እንጂ ከሠላሳ አንዱ ሥዕል አንዱንም ራቅ ብለው አይተውት አያውቁም።

የዓይን ሐኪሙ የግራ ዓይናቸው እንዳለቀለት፣ የቀኙም ቢበዛ ከጥቂት ወራት እንደማያልፍ ሲነግራቸው፣ ወደ እኛ መጥተው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁን። ሥዕሎቻቸው ሰፊ ግድግዳ ላይ ተሰቅለው፣ አሥር እርምጃ ወደ ኋላ ብለው፣ አንድ ጊዜ እንዲያዩአቸው። የጽሕፈት ቤትዎን ባዶ አዳራሽ ለሁለት ሳምንት ይፍቀዱልን ብለን ያመለከትነው ለዚሁ ነበር፤ የሐኪሙንም ወረቀት አያይዘናል። ክቡርነትዎ ያደረጉልንን ውለታ ከዚህ በታች በተራ ቁጥር እዘረዝራለሁ።

1ኛ/ በመጀመሪያ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎን አመሰግናለሁ። «የሠዓልያን ኅብረት» የሚለውን ስማችንን ወደ መዝገቡ ሲገለብጡ፣ በንጉሡ ሠ ፋንታ እሳቱን ሰ፣ በዓይኑ ዐ ፋንታ ደግሞ አልፋውን አ አስገብተው «የሰኣልያን ኅብረት» አሉን። ሲነበብ ያው ነው፤ ነገር ግን ክቡርነትዎ የባህል ሰው ነዎትና እንደማይጠፋዎት፣ የፊተኛው የሚሥል፣ የኋለኛው የሚለምን ማለት ነው። በዚህም መሠረት ፋይላችን ከባህል ክፍል ወጥቶ ወደ ችግረኞች ድጋፍ ክፍል ተመራ። እኛ የአዳራሹን ቁልፍ ስንጠብቅ፣ እሱ እዚያ ሰባት ሳምንት ተቀመጠ።

በስምንተኛው ሳምንት አንዲት ደግ ባለሙያ ኑሯችንን ሊያጠኑ መጡ። ልብሳችን መጨማለቁን፣ አሥራ አንድ ሆነን በአንድ ጓዳ መታጨቃችንን አይተው ከንፈራቸውን እየመጠጡ መዘገቡ። ልብስ ሰፊው እኛ እኮ የምንሥል ሰዎች ነን ብሎ ቢያስረዳቸው፣ ችግር ማንንም እንደሚያገኝና ማፈር እንደማያስፈልግ ነግረው አጽናኑት። በሳምንቱ ችግረኛ ስለ መሆናችን ማኅተም ያረፈበት ማረጋገጫ ደረሰን። እኔም ጥሩ እንጨት መርጬ ፍሬም ሠራሁለት፤ በጓዳችን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

2ኛ/ ስለ እርማቱ። ፊደሉ ይስተካከልልን ብለን ስንመጣ፣ ሠራተኛዎ ሁለቱም ሲነበቡ አንድ ስለሆኑ ምንም ስሕተት የለም አሉን። እንግዲያው ስሕተት ከሌለ ፋይሉ ወደ ባህል ክፍል ይመለስልን ስንላቸው፣ በዚህ ፊደል የተጻፈ ፋይል ወደ ባህል ክፍል እንደማይሄድ አስረዱን። ሠላሳ ዓመት ያስተማሩት የሒሳብ መምህርታችን ነገሩን ሁለቴ አስደገሙና ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ አሉ። እኔ በበኩሌ ሁለት ፊደል እንዲታረም የሚጠይቅ የሦስት ገጽ ማመልከቻ ጻፍኩ። ጉዳዩን የሚያየው ኮሚቴ በየሁለት ወሩ እንጂ በየቀኑ እንደማይሰበሰብ ተነግሮን ስንጠብቅ፣ አባላቱ አራት ሆነው ተሰብስበው፣ ሥዕል መሣል ልመና አለመሆኑን በአብላጫ ድምፅ ወሰኑልን። አንደኛው አባል ድምፀ ተአቅቦ ማድረጋቸውን በቃለ ጉባኤው ላይ አንብቤአለሁ፤ ለጥንቃቄያቸው አክብሮቴ የላቀ ነው።

3ኛ/ ይኼኛውን በአጭሩ ለመጻፍ ብሞክርም እጄ እሺ አላለኝም። ፋይላችን ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ የእያንዳንዱ ሥዕል ርእስ፣ መልእክትና ለኅብረተሰቡ ያለው ጥቅም በቅጽ እንዲሞላ ታዘዝን። ጋሽ ብሩሽ ዕድሜዬን ሙሉ የሌላውን ስም ስጽፍ ኖሬአለሁ፣ የራሴን ያለ ጽሑፍ ተዉልኝ ብለው ነበር። ለእርስዎ ስንል አስጨነቅናቸው። ከሠላሳ አንዱ ሃያ ሁለቱ የአንዲት ሴት ሥዕሎች ናቸው፤ ቁልፍ ስትተክል፣ መስኮት ስትወለውል፣ ወንበር ላይ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ታማ ስትተኛ። ርእስ በሚለው ቦታ ላይ «እሷ» ብለው ጻፉ፤ ሃያ ሁለት ጊዜ።

ቅጹ ተመለሰልን። «እሷ» የተባለችው ማን እንደሆነች እንዲብራራ፣ ግለሰቧም በአካል ቀርባ ለመሣል ፈቃደኛ መሆኗን በፊርማዋ እንድታረጋግጥ የሚል ማስታወሻ በቀይ ተጽፎበታል። ባለቤታቸው ካረፉ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ክቡርነትዎ። ማስታወሻውን ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ፤ ያን ጊዜ የቀኙም ዓይን ፊደል መለየት እያቃተው ነበር። በአካል የምትቀርብ ብትሆን እስከ ዛሬ ምን አሣለኝ ብለሽ መልሽላቸው አሉኝ። እንዲህ ያለ መልስ የሚጻፍበት ቦታ በቅጹ ላይ ስላጣሁ የባለቤታቸውን የሞት ማስረጃ አያይዤ ላክሁ። መቀበላችሁን የሚገልጽ ቁጥር ወዲያው ተሰጠኝ፤ ስለ ፍጥነቱ አመሰግናለሁ።

4ኛ/ አዳራሹ ሥራ ላይ ነው ስለ ተባልነው ደግሞ፣ በመስኮት አጮልቀን አይተናል፤ በእርግጥም እግራቸው የተሰበረ ወንበሮች ተቀምጠውበታል። ጎሚስታው ሁሉንም በሁለት ቀን ልጠግናቸው ብሎ ነበር። ውሳኔ የሚጠብቅ ንብረት እንደማይነካ በደንብ ተነግሮታል።

ይህ ሁሉ አልፎ ባለፈው ማክሰኞ የፈቃድ ደብዳቤዎ ደረሰን። ማመልከቻችን በገባ በሰባተኛው ወር መሆኑ ነው። ደብዳቤው ንጹሕ ነው፤ ስማችንም በትክክል ተጽፏል። ችግሩ ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ፣ ለጋሽ ብሩሽ ፍሬም ስለካ፣ በቀትር፣ መብራት ጠፋ እንዴ ብለው መጠየቃቸው ነው። ደጁ ክፍት ነበር፤ ፀሐዩም ፊታቸው ላይ አርፏል። ሜትሬን ይዤ ቆምኩ። እስካሁን በትሕትና ጽፌአለሁ፤ እዚህ ላይ ግን ተናድጃለሁ ብል ይቅር እንደሚሉኝ ተስፋ አደርጋለሁ። በጣም ተናድጃለሁ። ሰባት ወር እኮ ብዙ አልነበረም፤ ለእሳቸው ግን የነበራቸው እሱው ብቻ ነበር።

ዐውደ ርእዩን እንተወው ብለን ነበር። እሳቸው ግን ይሰቀሉ፣ እኔ ባላያቸው እነሱ ለምን አልጋ ሥር ይቀራሉ አሉ። ስለዚህ የፊታችን ቅዳሜ በአሥር ሰዓት በአዳራሽዎ ይከፈታል።

ለፊደል ላሳዩት ጥንቃቄ፣ ለወንበር ላሳዩት ርኅራኄ፣ ለሙታን ፊርማ ለሰጡት ክብር ዘወትር ባለዕዳዎ መሆኔን እየገለጽኩ፣ ከመቀመጫዎ ያለ ምክንያት የሚያስነሣ ጉዳይ ከደጅዎ ይራቅ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት እሰናበታለሁ።

የሠዓልያን ኅብረት ጸሐፊና ፍሬም ሠሪ

ግልባጭ፦
ለመዝገብ ቤት
ለችግረኞች ድጋፍ ክፍል
ድምፀ ተአቅቦ ላደረጉት የኮሚቴ አባል

ማሳሰቢያ፦ ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ብሩሽ ከግድግዳው አሥር እርምጃ ርቀው እንደተመኙት ይቆማሉ። ከጎናቸው ሆኖ እያንዳንዱ ሥዕል ከሩቅ ምን እንደሚመስል የሚነግራቸው ሰው ያስፈልጋል። ከእኛ መካከል ሞክረን፣ ሦስተኛው ላይ ሳይደርስ ድምፁ ያልተቆረጠ ሰው አላገኘንም። ስለዚህ ኅብረቱ በሙሉ ድምፅ ክቡርነትዎን መርጧል። ተወካይ እንዳይልኩ አደራ። ደግሞም አስቀድመው መጥተው ሠላሳ አንዱንም በደንብ ቢያዩአቸው ይሻላል፤ እሳቸው እያንዳንዷን መስመር በቃላቸው ያውቋታልና ያላዩትን አይቻለሁ ቢሏቸው ወዲያው ይነቁብዎታል።